የመጀመሪያ ንግግሬን ለጎርፍ ያደረግኩ ዕለት

እኔን የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው ካለ ወይ ለከተማዋ እንግዳ ነው፣ ወይ ተማሪ ሳለ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ በአጥር ይዘል የነበረ ነው። አስቴር እባላለሁ። በስሜ የሚጠራኝ ግን የለም፤ ትንሹም ትልቁም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ፊሽካዬ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው ለጌጥ ነበር። ከሜዳው ጫፍ ሆኜ «ተሰለፍ» ስል ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ይቆማል እያሉ ተማሪዎቼ ያሙኛል። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።

ለአስተዳደሩ ምክር ቤት የመረጡኝ ሰዎችም ይህንኑ ጉሮሮዬን ተማምነው ይመስለኛል። «አንቺ እዛ ገብተሽ ከጮህሽልን ማን አይሰማም፣ አቦ» ብለው ነው የላኩኝ። እኔም ገባሁ። ገብቼም ዝም አልኩ።

ሰበቡ ማይክራፎን ነው። በአዳራሹ እያንዳንዱ ወንበር ፊት አንዲት ቀጭን ማይክ ቆማለች፤ ቁልፏን ሲጫኗት ቀይ መብራት ታበራለች። ያቺ መብራት ስትበራ ያ ሁሉ ድምፄ ወደ ሆዴ ይመለሳል። በቤቴ አሥር ጊዜ የተለማመድኩትን ንግግር ትቼ «የቀረበውን ሐሳብ እደግፋለሁ» እላለሁና ቶሎ አጠፋታለሁ። ከኋላ ወንበር ስለምቀመጥ ማንም ልብ የሚለኝ አይመስለኝም ነበር። ለካ የምክር ቤቱ ስብሰባ በሬዲዮ ይተላለፋል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ ወዳጆቼ ደግሞ ለሰው ቅጽል ስም ካላወጡ ሻዩ አይጥማቸውም። «እደግፋለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ ሳይቀር ምሳ ሲቀርብ «ዛሬ ሽሮ ነው፤ ተቃውሞ አለ ወይስ እንደተለመደው ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

ነገሩ የተገለበጠው ከዋሂል ስመለስ ነው።

የምክር ቤት አባላት ከጉባኤ በፊት ወደ መራጩ ወርደን ሕዝቡን እናነጋግራለን። የእኔ ዕጣ በአስተዳደሩ ገጠር ያለችው ዋሂል ሆነች። እዚያ ሕዝቡ ስለ ውሃም ስለ ክሊኒክም ብዙ ነገረኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ስለ ፍርድ ቤት አነሱ። «ዳኛው ድሬ ነው፤ እኛ እዚህ ነን። መሐል ላይ አሸዋ ወንዝ አለ። ክረምት ሲሆን ፍርድም ማዶ ይቀራል» አሉ። እኔም እንደ ወጉ «በሚመለከተው አካል ተይዞ ይታያል» አልኩ። ሽማግሌው ይህን መልስ ከእኔ በፊትም ሰምተውት ኖሮ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ጉባኤው ተቃርቦ ነበርና በማግስቱ ጠዋት በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሾፌሩ ሮብሌ የሚባል ሶማሌ ነው፤ ሲነዳም ሲያወራም አይቸኩልም። አጠገቤ ሐሊማ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ አሊዪ የሚባል ሽበት የጀመረው ገበሬ አለ። የሴትዮዋን ጥቅል ተቀብሎ እግሩ ሥር አስገባላት፤ ከኪሱ ለውዝ አውጥቶ አካፈላት፤ ለእኔም ዘረጋልኝ። በኦሮምኛ ስለ አንዲት የታመመች ላም ያወራሉ። ወንድምና እህት መስለውኝ ነበር።

«ድሬ ለገበያ ነው?» አልኳት።

«ለፍርድ ቤት ነው። ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ» አለች ሐሊማ።

«ከማን ጋር ነው ክርክሩ?»

በአገጯ ለውዝ የሚፈለፍለውን ሰውዬ አሳየችኝ። «ከእሱ ጋር።»

አሊዪም ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠልኝ። እንደ ጅል ሳያቸው ሮብሌ በመስታወት አይቶኝ ሳቀ። «ምን ይገርምሻል፣ ቲቸር? ጠዋት የሚወጣው መኪና የኔ ብቻ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም በኔ ነው የሚሄዱት። አንዳንዴ ምስክሮቹንም ጨምሬ ነው የማመጣው። ሲመለሱ ብቻ ትንሽ ዝም ይላሉ» አለኝ።

ነገሩን ነገሩኝ። የሐሊማ ባል ከሞተ ወዲህ ማሽላ የምትዘራበትን ማሳ የያዘችው እሷና ሁለት ሴት ልጆቿ ናቸው። አሊዪ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። መሬቱ የአባቶቻችን ነው፣ ወደ ቤተሰቡ ይመለስ ብሎ የማሳውን እኩሌታ አርሶባታል። እሷ ከሰሰች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት ጎርፍ አግዷት ቀረች፤ ከሳሽ አልቀረበችም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። በስንት መመላለስ አስከፈተችው። ዛሬም ከቀረች እንደገና ይዘጋል፤ ዘር የሚዘራበት ጊዜ ደግሞ ደርሷል።

«ባለፈው ጎርፍ ነው ብዬ ነገርኳቸው» አለች። «'ጎርፉ በቂ ምክንያት መሆኑን በማስረጃ አቅርቢ' አሉኝ። ጎርፉን በምን ላምጣው? በጆንያ?»

ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ግን ጥቅሏን ከአሊዪ እግር ሥር አውጥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አሸዋውም ፀሐይ ላይ የተሰጣ እህል ይመስላል። ሮብሌ ግን ሊወርድ ሲል ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋና ጆሮውን በመስኮት አወጣ። «መጣ» አለ።

እኛ ምንም አልሰማንም ነበር። ቀጥሎ እንደ ከባድ መኪና ጉርምርምታ ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ውሃ ግንድና ቅጠል እየገፋ ከላይ መጣና ደረቁን አሸዋ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ጋ አንድ ጠብታ የለም። በዚህ አገር ጎርፍ ሲመጣ ማንም አይቆጣም። ተሳፋሪው ወርዶ ከግራሩ ሥር ጥላ መረጠ፤ አንዱ ምንጣፍ አነጠፈ፤ አንዱ ጫማውን አወለቀ። ሐሊማ ብቻ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆማ ቀረች።

«መቼ ይጎድላል?» አልኩት ሮብሌን።

«እሱ ሲፈልግ። ቶሎም ይሆናል፣ ማታም ይሆናል» አለና ወደ አሊዪ ዞረ። «ወራያ አሊዪ፣ አንተማ ደስ ይበልህ። ሳትከፍል ጠበቃ መጣልህ።»

ሰዉ ሳቀ። አሊዪ አልሳቀም፤ ለውዙንም ተወው።

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። እጄን ዘርግቼ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ ዛፍ ተደገፍኩ፤ ምንም የለም። ፀሐይዋ ወደ አናታችን ስትመጣ የሐሊማ ከንፈር ደረቀ። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። «የትንሿ ልጄ ስም ኢፍቱ ነው» አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ማሳው ላይ ነው የወለድኳት።» «በሚመለከተው አካል» ማለት ያን ጊዜ አስጠላኝ።

በዚህ መሐል ከማዶ አንድ የውሃ ቦቴ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ወገቡን ይዞ ጎርፉን ያያል። ውሃ ጭኖ ውሃ አገደው ብለው የእኛዎቹ ሳቁበት። ወንዝ ሲሞላ ልማድ አለ። ከዚህ ዳር ያለ ሰው ማዶ ላለው ይጮሃል፤ ማዶ ያለው ደግሞ ወደመጣበት ተመልሶ መልእክቱን ያደርሳል። «ለሚስቴ ደህና ነኝ በላት»፣ «ፍየሏን አትሽጡ በል» እየተባለ ይላካል። ዛሬ ግን ጎርፉ ስለሚያጓራ የማንም ድምፅ አልሻገር አለ። አንዱ ጮኸ፤ ሾፌሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ወዘወዘ። ሌላው ሞከረ፤ ያው ነው።

ተነሳሁ። ማይክ የለም፣ ቀይ መብራት የለም። ልክ እንደ ሜዳው ነው። ደረቴን ሞልቼ «ማዶ፣ የቦቴው» አልኩ።

ሰውዬው ከወገቡ ላይ እጁን አውርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆይቶ ድምፁ እየተቆራረጠ ደረሰን። «ቲቸር ነሽ እንዴ?»

ከማል ነው። ከማል ቦቴ ይሉታል። ተማሪዬ ሳለ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን ያመው ነበር።

«ኔትወርክ አለህ?»

«እዚህም የለም፣ ቲቸር።»

ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞርኩ። «ፍርድ ቤት ሄዶ ሐሊማ ወንዝ ዳር ናት ብሎ ይንገርልን።»

ሐሊማ ራሷን ነቀነቀች። «የቦቴ ሹፌር ቃል ማን ይቀበላል? የኔንም አልተቀበሉ።»

እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ አሊዪ ከግራሩ ሥር ተነስቶ ልብሱን አራገፈ።

«የኔን ይቀበላሉ» አለ።

ሮብሌ አፍጥጦ አየው። «አንተ ተከሳሽ ነህ እኮ፣ አቦ። ዝም ካልክ ትረታለህ።»

«ለዚያ ነው የሚቀበሉኝ» አለ አሊዪ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ አማርኛውን እየፈለገ። «እኔ መሬቱ የኛ ነው ብዬ ቆሜያለሁ። ትክክል ነኝ ብዬ ነው። በክርክር ከረታሁ እሺ። በጎርፍ ከረታሁ ግን ዋሂል ገበያ ምን ብዬ እቆማለሁ? 'አሊዪን ጎርፍ ፈረደለት' ይሉኛል እስክሞት። ማሎ፣ ቲቸር፣ ድምፅሽን አውሺኝ።»

ከማልን ስልክህን አውጣና ቅረጸን፣ ለፍርድ ቤቱ ታደርሳለህ አልኩት። ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ውሃው ጠርዝ ላይ ቆሙ። አሊዪ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ እኔ ተቀብዬ ወደ ማዶ እወረውራለሁ።

«እኔ ተከሳሹ አሊዪ ነኝ።»

«እኔ ተከሳሹ አሊዪ ነኝ» እላለሁ እኔ።

«ከሳሿ ይህችው፣ አጠገቤ ናት።»

«ከሳሿ ይህችው፣ አጠገቤ ናት።»

«በጠዋት አብረን ተነስተናል። አልቀረችም። ጎርፍ ነው።»

እሱንም አሻገርኩ። አሊዪ ጨረሰና ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለወራት ሆዴ ውስጥ የተመለሰው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ መሰለኝ።

«እኔ የምክር ቤት አባል አስቴር ነኝ። ይህች ሴት ቀጠሮዋን አክብራ መጥታለች። ተከሳሹም መጥቷል። ሁሉም ቀርቧል። ያልቀረበው ድልድዩ ነው። መዝገብ የሚዘጋ ከሆነ በድልድዩ ላይ ይዘጋ።»

ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ። ማዶ ከማል ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ቦቴውን አዙሮ ወደ ድሬ ሄደ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐሊማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አሊዪ የቀረውን ለውዝ ለሁለታችን አካፈለን።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ረጅም ነበር። የቀጠሮው ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ከማል ደርሶ ይሆን፣ ጥበቃዎቹ ያስገቡት ይሆን፣ ዳኛው ይሰሙት ይሆን፤ የሚነግረን የለም። ሮብሌ ዱላ ይዞ እየወረደ የውሃውን ጥልቀት ይለካል፣ ይመለሳል። ፀሐይዋ ስትበርድ ጎርፉም ደከመውና አሸዋው በየቦታው ብቅ ብቅ አለ። ሮብሌ «ቢስሚላሂ» ብሎ መኪናውን አስገባ። ውሃው በሩ ሥር እየገባ ጫማችንን አራሰው፤ እግራችንን አንስተን እየሳቅን ተሻገርን።

ድሬ መግቢያ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ አላቆምም አለ። መጀመሪያ የደወለው ባለቤቴ ነበር። «ዛሬ እራት ላይ ተቃውሞ ካለሽ በቀስታ ንገሪኝ፤ ከተማው በሙሉ ሰምቶሻል» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም።

ፍርድ ቤቱ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አጥሩ ሥር ግን ቦቴው ቆሟል። ከማል ከመሪው ላይ ዘሎ ወረደ፤ ልማድ ሆኖበት ፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ተዘጋ?» አለች ሐሊማ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ።

«አልተዘጋም። ተቀጥሯል» አላት። «ጥበቃው አትገባም ሲለኝ ስልኩን ለእሱ አሳየሁት። እሱ ለጸሐፊዋ አሳያት። እሷ ለዳኛው ወሰደችላቸው። ሁለት ጊዜ አዩት። የመጀመሪያው ለሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ወላሂ ለመሳቅ ነው።»

ሐሊማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች። ታልቅስ ትሳቅ አይለይም፤ ሁለቱንም ታደርግ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። አሊዪ ጥቅሏን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ልከኸዋል?» አልኩት ከማልን።

«ለአንድ ግሩፕ ብቻ ነው፣ ቲቸር።»

«ምን ግሩፕ ነው?»

«ድሬ ነው ግሩፑ» አለና ወደ ቦቴው አፈገፈገ።

በማግስቱ ጉባኤው ላይ የፍትሕ ዘርፉ ሪፖርት ቀረበ። ይህን ያህል መዝገብ እልባት አገኘ ተብሎ ሲነበብ ከጎኔና ከፊቴ ያሉት አባላት ዞር እያሉ ያዩኛል፤ ፈገግታቸውን ይደብቃሉ። አስተያየት ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። አፈ ጉባኤው ዕድሉን ሰጡኝ፤ ያቺ ቀይ መብራት በራች። አፌ እንደለመደው «የቀረበውን ሐሳብ» ሊል ሲል ማይኳን በእጄ ገፋ አድርጌ ወደ ጎን አዞርኳትና ተነስቼ ቆምኩ።

«የተከበሩ አስቴር፣ ማይክዎን ይጠቀሙ» አሉ አፈ ጉባኤው።

ከመሐል አንዱ «አያስፈልጋትም» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ አፈ ጉባኤውም ሳቁ።

«እልባት አገኘ የተባለው መዝገብ ውስጥ ከሳሽ ሳይቀርብ ቀርቶ የተዘጋ አለ?» አልኩ። «ካለ፣ ጎርፍ የዘጋው ስንቱ ነው? የሐሊማ መዝገብ የተዘጋ ጊዜ እልባት ካገኙት ጋር ተቆጥሮ ነበር? ምክንያቱም እኔ አብሬያት ወንዝ ዳር ቁጭ ብያለሁ፤ እልባት የሚባል ነገር አላየሁም። ተዘዋዋሪ ችሎት ዋሂል ድረስ ይሂድ ነው የምለው።»

ሪፖርቱን ያቀረቡት ሰው ጨዋ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ለይተን አልያዝነውም። ጥያቄው ትክክል ነው» አሉ። ሲቀመጡ አንድ ከኋላ ያለ አባል ጮክ ብሎ «እደግፋለሁ» አለ። ያን ቀን ይህቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማት ደስ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላውቅም። ሕፃን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ለሚጠብቁ ባለጉዳይ እናቶች ጥላ፣ አማርኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያ ጠየቅሁ። አንዳንዱ ተሳክቷል፣ አንዳንዱን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። አፈ ጉባኤው እጄን ሲያዩ ሰዓታቸውንም ያያሉ። የከዚራ ወዳጆቼም ስሜን ለውጠዋል። አሁን «ጎርፏ» ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት የምትናገሩበት ቦታ ሲደርስ ድምፃችሁ የሚጠፋባችሁ ትሆናላችሁ። እኔ ድፍረት የሚመጣው በራስ በመተማመን ይመስለኝ ነበር። ለእኔ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ የሌላ ሰው ቃል ተሸክሜ ጮህኩ፤ ያ ሰው ደግሞ ለባላንጣው ነበር የሚናገረው። አሊዪ ያን ቀን ዝም ቢል ይረታ ነበር። እሱ ሊያስረታው የሚችለውን ነገር ከተናገረ፣ እኔ ልናገርበት በተሰጠኝ ወንበር ላይ ምን ያስፈራኛል? አዳራሽ ስገባ ዛሬም የማስበው የሱን ለውዝ ነው።

ተዘዋዋሪው ችሎት ተፈቀደ። ክርክሩ ጊዜ ወስዶ ማሳው ለሐሊማና ለልጆቿ ጸና። አሊዪ ያረሰውን ለቀቀ፤ ገበያ ላይ ሲጠይቁት «ጎርፍ አልረታኝም፣ እሷ ናት የረታችኝ» ይላል፤ ደግሞ በኩራት ነው የሚለው።

እኔ ግን የማልረሳው ከውሳኔው ይልቅ ችሎቱ ዋሂል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰየመበትን ቀን ነው። ባለጉዳዩ በጠዋት መጥቶ አዳራሹን ሞልቷል። ሐሊማ ከፊት ተቀምጣለች፤ ኢፍቱን ይዛለች፤ አሊዪ አጠገቧ ነው። ሁሉም ቀርቧል። ዳኛው የሉም። ሰዓቱ አለፈ፣ ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። እኔ አፈርኩ፤ ይህን ሁሉ ጮኼ ያመጣሁት ችሎት ባዶ ወንበር ሆነ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ዳኛው ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ እግራቸው ጭቃ ነው። ከኋላቸው እስከ ወንዙ በቦቴው ያመጣቸው ከማል ፋይሉን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይከተላል።

ዳኛው ወንበራቸው ጋ ቆመው ሕዝቡን አዩ። «ይቅርታ አድርጉልን፤ ወንዙ ሞልቶ ነው» አሉ።

ሐሊማ ብድግ አለችና፣ በድሬው ፍርድ ቤት ስትመላለስ ባስተማሯት አማርኛ፣ በትህትና መለሰችላቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ ይቀመጡ። በቂ ምክንያት ነው።»